ጫፍ የሌለው ክንፍ

ፋንታሁን የሻው ራሱ ጠግኖ ራሱ ውሃ በሞላው ገንዳ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ቀኑ ታኅሣሥ አሥራ አንድ፣ ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ዘጠኝ፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ነበር። መጀመሪያ ያዩት የገንዳው ዘበኛ አያ ባዬ ናቸው። ጩኸታቸው አዘዞ ገበያ ድረስ ተሰማ ይባላል።

የፖሊሱ መቶ አለቃ ዳኛው ከጎንደር በጂፕ ከንፎ ሲደርስ የአዘዞ ግማሹ ሰው ገንዳውን ከቦት አገኘ። ገንዳው ጣሊያን ሠርቶ ጥሎት የሄደ ሲሆን፣ ርዝመቱ ስድሳ እርምጃ፣ ጥልቀቱ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ዳኛው ከጠርዙ ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ቆመ። ሽፍታ ፊት ለፊት የገጠመ ሰው ነው፤ ከውሃ ጋር ግን አይዋደዱም፤ ይህን ጉዱን ከሚነዳለት አሥር አለቃ በቀር የሚያውቅበት አልነበረም።

ሬሳው ወጥቶ ጋቢ ለብሷል። ገንዳው ላይ አንዲት ትንሽ የሞተር ጀልባ በገመድ ታስራ ትወዛወዛለች። ዳር ካለው ጠረጴዛ ላይ ባለ መንጠቆ ሚዛን ተቀምጧል፤ ከሚዛኑ ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አለ።

«ማንም አልነካውም» አለ ኮትና ባርኔጣ ያደረገ፣ ዓይኑ ደም የመሰለ ሰው። «ማሩ እባላለሁ፤ የደምቢያ ጀልባ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ፋንታሁን ወዳጄ ነበር።»

ዳኛው ወረቀቱን ዘርግቶ ጮክ ብሎ አነበበው።

«እኔ ፋንታሁን የሻው ሚዛኑን አበላሽቼ ሰው አታልያለሁ። የሠራሁት ፕሮፔለር የማይረባ ነው። በእንግዶቹ ፊት ከማፍር ሞቴን መርጫለሁ። እግዚአብሔር ይፍታኝ፤ እመቤቴ ማርያም ታማልደኝ።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ከመሐል አንዲት ቀጠን ያለች ሴት ሰውን በክርኗ እየገፋች ወጣች፤ የሟች ሚስት እናኑ ነበረች።

«ውሸት ነው!» አለች። «ባሌ አልዋሸም፤ ራሱንም አልገደለም። ይህን የጻፈ እጁ ይቆረጥ!»

«እኅቴ፣ ጽሕፈቱ የሱ አይደለም?»

እናኑ ወረቀቱን ተቀብላ አየች። «የሱን ይመስላል» አለች ቀስ ብላ። «ይመስላል እንጂ የሱ አይደለም።»

የደብሩ ገበዝ መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ያን ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፋንታሁንን ያጋቡት እሳቸው ናቸው፤ የሚሉትን ለማለት እንደተጨነቁ ያስታውቃል። «እናኑ ልጄ፣ ራሱን ለገደለ ፍትሐት አይደገምም። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ነው የሚቀበረው። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

«እንደ ውሻ?» አለች እናኑ። «እንደ ውሻ ሜዳ ላይ?»

«አባቴ፣ እኔ የአስኳላ ልጅ ነኝ፤ የቄስ ትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም» አለ ማሩ ባርኔጣውን አውልቆ። «ግን ለዚች ምስኪን ሲባል ሕጉ አይላላም?»

«አይላላም።»

ዳኛው ጎንበስ ብሎ ጋቢውን ገለጠ። የሟች ማጅራት ተሰንጥቋል። ዘሎ ውሃ የሚገባ ሰው ማጅራቱን የሚመታው ምን ሆኖ ነው? እንዲህ ያለ ነገር ሲሸተው የሚሰማውን ደስታ ራሱም ያፍርበታል፤ የሰው ሬሳ አጠገብ ቆሞ ሰው እንዴት ደስ ይለዋል? ደስ አለው እንጂ!

«መምሬ» አለ ቀና ብሎ፣ «እስከ ስንት ሰዓት ይጠብቁኛል?»

«ሬሳ አያድርም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጉድጓዱ ይቆፈራል። የት እንደሚቆፈር አንተ ንገረኝ።»

*

የፋንታሁን መሥሪያ ከገንዳው ራስጌ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት፤ ፈተና ባለ ሰሞን እዚያው ያድር ነበር። እናኑ ከመደርደሪያ ላይ ሁለት ነገር አውርዳ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። አንደኛው ከውጭ አገር የመጣ፣ ሦስት ክንፍ ያለው የናስ ፕሮፔለር ነው። ሁለተኛው የንብ ሰም ነው፤ ፋንታሁን የራሱን ፕሮፔለር ከናስ ከማፍሰሱ በፊት የቀረጸበት።

«ይኸ ጀልባውን ከኋላ ሆኖ የሚገፋው ነው» አለች የመጀመሪያውን እያሽከረከረች። «ክንፉ ጫፍ አለው፤ አዩት? ውሃው በጫፉ ይሾልካል፣ ጉልበቱም አብሮት ይሄዳል ይል ነበር። የሱ ግን ጫፍ የለውም።»

ዳኛው ሰሙን አነሣው። እያንዳንዱ ክንፍ ወደ ውጭ ሄዶ ሄዶ ታጥፎ ወደ ግንዱ ይመለሳል፤ ሦስት ሰፋፊ ቀለበቶች እርስ በርስ የተያያዙ ይመስላል። እንዲህ ያለ ነገር ዓይቶም ሰምቶም አያውቅም። ጣቱን በቀለበቱ ዙሪያ ሲያስሄድ መቆሚያ አጣ፤ ሳያስበው ሁለት ጊዜ አዞረው።

«መሥራቱን በምን አወቃችሁ?»

«በሚዛን ነዋ! ጀልባዋን በገመድ ከሚዛኑ መንጠቆ፣ ሚዛኑን ከገንዳው የብረት ቀለበት እናስራለን። ሞተሩ ይነሣል፤ የነዳጁን እጀታ አንዲት ጭረት ላይ ብቻ ነው የምናደርገው፣ ለሁለቱም እኩል። ጀልባዋ ልሂድ ትላለች፣ ገመዱ ይይዛታል። ስንት ኪሎ እንደምትስብ ሚዛኑ ይናገራል። ሰሙን ያለሰለስኩለት እኔ፣ ሚዛኑን ያነበብኩለት እኔ! ትናንት በሰው ሁሉ ፊት የተገዛው አምሳ አራት፣ የሱ ሰባ አንድ ሳበ። ነገ ከአዲስ አበባ የሚመጡት ይህንኑ ሊያዩ ነበር። ካዩት የማኅበሩ ጀልባዎች ሁሉ የሱን ያደርጋሉ።»

ዳኛው ጥግ ላይ የተከመረውን ሲሚንቶ አየ። ከረጢቱ ላይ «50 ኪሎ» ይላል። ሚዛኑን ከደጅ አስመጥቶ ወጋግራ ላይ ሰቀለና አንዱን ያልተፈታ ከረጢት ከአሥር አለቃው ጋር ተሸክመው ከመንጠቆው አንጠለጠሉት። መርፌው ሄዶ አምሳ ላይ ቀጥ አለ።

«ሚዛኑ ደኅና ነው!» አለ ዳኛው።

ደጃፉ ላይ የቆመው ማሩ ተነፈሰ። «ጌታዬ፣ ሊሞት የቆረጠ ሰው ያበላሸውን አስተካክሎ ሊሆን ይችላል። ሞላውን መልሶ ማጥበቅ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።»

ነገሩ እውነትነት ስላለው ዳኛው ተናደደ። «እርስዎስ ትናንት የት ነበሩ?»

«ፈተናው እንዳለቀ በአሥር ሰዓት ከጣሊያኑ መካኒክ ከሲኞር ብሩኖ ጋር በፊያት መኪናው ወጣን። ጋራዡ ጎንደር ፒያሳ ነው፤ ይጠይቁት።»

አያ ባዬ ደግሞ ትናንት ማታ በሬያቸው ጠፍቶ ፍለጋ ላይ ነበሩ። «ምነው ባልጠፋሁ!» እያሉ ደረታቸውን ይመታሉ። «ሸጋ ሰው ነበር። ይህ ገንዳ ተሰነጣጥቆ ጠብታ አይዝም ነበር እኮ፤ ክረምቱን ሙሉ ሲለጥፍ ከርሞ ለኅዳር ሚካኤል ነው ውሃ የገባበት።»

ዳኛው ቀኑን ማስታወሻው ላይ ጻፈ። ለምን እንደጻፈው ያን ጊዜ አላወቀም። ከመውጣቱ በፊት ፋንታሁን በየቀኑ የፈተናውን ውጤት ይጽፍበት የነበረውን ደብተር ከእናኑ ተቀበለ።

*

ሲኞር ብሩኖ ወገኖቹ ሲሄዱ ጎንደር ቀርቶ ያረጀ መካኒክ ነው። ከአንድ ካሚዮን ሥር ተስቦ ወጣ፤ ቀኝ እጁ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ፋንታሁን ሞተች?» አለ። አሥራ አምስት ዓመት አማርኛ ተናግሮም ወንዱን ከሴቱ አይለይም። «ማን ገደለችው?»

«ገደለው ያልኩህ መቼ ነው?»

«ፋንታሁን ራሷን አትገድልም። ነገ ለእንግዳ ሥራዋን ታሳያለች፣ ዛሬ ትሞታለች? እንዴት?»

«እጅህን ምን ሆንክ?»

«ራዲያተር። ትኩስ ውሃ» አለ ብሩኖ እጁን ወደ ኋላ እየሸሸገ።

ዳኛው ዙሪያውን ቃኘ። መደርደሪያው በአዳዲስ ፕሮፔለር ተሞልቷል፤ ሁሉም ጫፍ ያላቸው። ፋንታሁን ቢረታ እነዚህ ሁሉ እዚያው አቧራ ጠጥተው መቅረታቸው አይደል?

ብሩኖ የመቶ አለቃውን ዓይን ሲከተል ነገሩ ገባው፤ ፊቱም ቀላ። «እኔን ትጠረጥራለህ? እኔ ምን ያስፈራኛል! ማኅበሩ የኔ ይሻላል ብላ ጽፋለች፤ ከወር በላይ ሆኗል!» ከመሳቢያው አንድ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጠው። ማኅተም አለበት፣ የጸሐፊው ስም ግን የለም። ከውጭ የመጣው ፕሮፔለር በገንዳ ተፈትኖ አምሳ ስምንት ኪሎ ሲስብ፣ የፋንታሁን ግን ሠላሳ ዘጠኝ ብቻ እንደሳበ ይናገራል። ግልባጩ ለአዲስ አበባ ነው። ቀኑ ጥቅምት ሃያ።

ዳኛው ማስታወሻውን ገለበጠ። ጥቅምት ሃያ ተፈተነ፤ ገንዳው ግን ውሃ የያዘው ኅዳር አሥራ ሁለት! ታዲያ ጀልባዋ በምን ላይ ቆማ ነው አምሳ ስምንት የሳበችው? ደረቅ ሲሚንቶ ላይ? አንድ ሰው ሳይፈትን ፈተንኩ ብሎ ቁጥር ፈጥሮ ጽፏል። ከዚህ የሚጠቀመው ደግሞ ፊቱ ቆሞ እጁን ይሸሽጋል።

«ትናንት ከአዘዞ ስትወጣ ከማን ጋር ነበርክ?»

«ከማሩ ጋር። በአሥር ሰዓት አብረን ወጣን።»

ዳኛው ጥርሱን ነከሰ። ሁለቱ አንዱ ለአንዱ ምስክር ሆኑ። ብሩኖን ካቴና ሊያስገባለት እጁን ከሰደደ በኋላ ነው የኪሱ ወረቀት ትዝ ያለው። ይህ ሰው የአማርኛ ፊደል «ሀ» እና «ለ»ን አይለይም፤ እንዲያ ያለ ደብዳቤ የጻፈለት ማነው? ስድስት ሰዓት አልፏል። ጽሕፈት የሚያውቅ ሰው ያስፈልገዋል፤ ለዚያ ደግሞ ጎንደር አይታማም።

*

መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ደጃፋቸው ላይ፣ ፀሐይ በሚመታው በኩል ተቀምጠው ብራና ይጽፋሉ። አርባ ዓመት የጻፉ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ዳኛው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበታቸውን ሳመ።

«የኔታ፣ ሰው ሞቶብኛል። ይህን ደብዳቤና ይህን ደብተር አንድ ሰው ነው የጻፋቸው?»

መሪጌታ ሁለቱን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ፊደል በፊደል ያስተያዩ ጀመር። ዳኛው ግን መጠበቅ የማይችል ሰው ነውና ተቁነጠነጠ።

«እግርህን አሳርፈው» አሉት ቀና ሳይሉ። «ፊደሉ አንድ ነው። የ‹ሚ› እግር አንድ ነው፣ የ‹ን› አንገት አንድ ነው። ሸጋ አድርጎ ቀድቶታል።»

«ቀድቶታል?»

«ደብተሩን ፊቱ አስቀምጦ የቀዳ ሰው ነው። እጁን አደንቅለታለሁ፤ ልቡን ግን አይደለም። አሁን ይህን ተመልከት። ‹እግዚአብሔር› የሚለው ምነው እንዲህ ተጨናነቀ? ‹ማርያም›ስ ምነው ግራ ቀኟ ባዶ ሆነ?»

ዳኛው ጎንበስ አለ። እውነትም «እግዚአብሔር» ከፊትና ከኋላው ካሉት ቃላት ጋር ተጋፍቶ የመጨረሻዎቹ ፊደላት ተደራርበዋል። «ማርያም» ደግሞ የጣት ስፋት በሚሆን ባዶ መሐል ብቻዋን ቆማለች። «ዓይቼው ነበር፤ የሚሞት ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል ብዬ አለፍኩት።»

«እጁ አልተንቀጠቀጠም» አሉና ይጽፉት የነበረውን ብራና ወደ እሱ አዞሩ። ጥቁሩ ጽሕፈት እንደ ተዘራ ማሳ ተስተካክሎ ይሄድና በየመሐሉ ባዶ ቦታ ይተዋል።

«እነዚህ ባዶዎች ምንድን ናቸው የኔታ?»

«ስሞች ናቸው ልጄ። የእግዚአብሔርን ስም፣ የእመቤታችንን ስም በጥቁር ቀለም አንጽፍም፤ ቀይ ነው የሚገባቸው። ታዲያ በየመሥመሩ ብዕር ብንለዋውጥ መቼ ይዘለቃል? ጥቁሩን እንጨርስና ባዶውን በኋላ በቀይ እንሞላዋለን። አንዳንዴ የተውነው ቦታ ይጠበናል፣ አንዳንዴ ይሰፋብናል።»

ዳኛው ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ። «ደብዳቤው ግን ሁሉም ሰማያዊ ነው!»

«አዎን። በአንድ ብዕር ነው የጻፈው፤ መተው አያስፈልገውም ነበር። ግን እጁ ተወው። ሰው ሲደነግጥ እጁ በልጅነቱ የለመደውን ነው የሚሠራ። ስሞቹን ኋላ ተመልሶ ሞላቸው። የሟቹን ደብተር ደግሞ እየው፤ ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዛሬ ሰባ ደረሰ› ይላል፤ አንድም ቦታ አልዘለለም። የሞተው ሰው ቁም ጽሕፈት አልተማረም። የጻፈው ግን ተምሯል።»

«ማን ሊሆን ይችላል?»

«አርባ ሰው አስተምሬአለሁ፤ ሌሎችም አስተምረዋል። ስም ብጠራልህ ግማሽ ጎንደርን ትይዛለህ። በባዶ ቦታ ተነሥቼ በሰው ነፍስ ላይ ጣቴን አልቀስርም።» ብዕራቸውን ከጥቁሩ ቀለም ነከሩ። «አንተ አስጽፈው። አስደንግጠህ፣ አጣድፈህ አስጽፈው።»

*

ዳኛው ወደ ጋራዡ ተመልሶ ብሩኖን ጂፕ ላይ አስወጣው፤ ፈተናውን የሚደግም መካኒክ ይፈልጋል። ብሩኖ እያነባ መጣ። ጂፑ ወደ አዘዞ ቁልቁል ሲወርድ መቶ አለቃው አንድ ነገር ብልጭ አለለት። ቅድም የጠየቀው ስለ መውጣት ነው እንጂ ስለ መድረስ አልነበረም።

«ብሩኖ፣ አንተና ማሩ አብራችሁ ጎንደር ደረሳችሁ?»

«አልደረስንም። ገና ከአዘዞ እንደወጣን ቦርሳዬን ረሳሁ አለችና ወረደች። እኔ ብቻዬን ገባሁ።»

«ምነው አልነገርከኝ!»

«ስትወጣ ከማን ጋር አልክ። ከማሩ ጋር አልኩ።»

አሥር አለቃው ሳይታዘዝ ነዳጁን ረገጠ።

*

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ አዘዞ ሙሉዋን ገንዳው ዳር ነበረች። ካህናቱ ባንድ ወገን ቆመዋል፤ የሬሳው አልጋ ከዛፍ ጥላ ሥር ነው።

«ደብዳቤው ፕሮፔለሩ አይረባም ይላል» አለ ዳኛው ጮክ ብሎ። «እንፈትነው! የተገዛውን በመጀመሪያ፣ የፋንታሁንን ቀጥሎ። ሚዛኑን መምሬ ያነባሉ። አቶ ማሩ ይመዘግባሉ። ጀልባዋ ላይ ማን ይቀመጥ?»

«እርስዎ» አለች እናኑ።

«እኔ?»

«እኔ ብነዳ ለባሏ አደላች ይላሉ። ሲኞሩ ቢነዳ ለዕቃው አደላ ይላሉ። እርስዎ ነዎት።»

አሥር አለቃው ሳቁን ሊውጥ ወደ ጂፑ ዞረ። ዳኛው በሁለት እጁ ጠርዙን ጨብጦ፣ ስመ ሥላሴ እየጠራ፣ ወደምትወዛወዘው ጀልባ ወረደ። መሐሏ ላይ ተቀመጠ። ሞተሩ ተንኳኳ፤ እጀታውን ጭረቷ ላይ አደረገው፤ ገመዱ ተወጠረ።

«አምሳ ሁለት» አሉ መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ መነጽራቸውን ወደ ሚዛኑ አስጠግተው። «አምሳ ሦስት... አምሳ አራት። ቆመ።»

ሦስት ጊዜ ተደገመ። ሦስቱም ጊዜ ከአምሳ አራት አላለፈም። ከዚያ ብሩኖና እናኑ የጀልባዋን ኋላ አንሥተው፣ ብሎኑን ፈተው ፋንታሁን ከናስ ያፈሰሰውን ባለ ቀለበቱን አሰሩ። ብሩኖ ሲያስረው እጁን ከላዩ ማንሣት ተሳነው። ሞተሩ እንደገና ተነሣ። ድምፁ ለሰለሰ፤ ቅድም ከኋላ እንደ ተጣደ ድስት ይፈላ የነበረው አረፋ ጠፍቶ ውሃው አንድ ወፍራም ገመድ ሆኖ ወደ ኋላ ተተኮሰ። ጀልባዋ ስትመነጭቅ ዳኛው ወደ ኋላ ሊገለበጥ ለጥቂት ተረፈ።

«ስድሳ!» አሉ መምሬ። «ስድሳ አምስት... ስድሳ ዘጠኝ... እረ ሰባ! ሰባ አንድ!» ቄሱ ክብራቸውን ረስተው ተንበረከኩ፤ አፍንጫቸው ሚዛኑን ሊነካ ነው። «ሰባ ሁለት! ቆመ! ሰባ ሁለት ነው ጎበዝ!»

ሕዝቡ ጮኸ። ሴቶች እልል ሊሉ ሬሳው ትዝ ብሏቸው አፋቸውን ያዙ። እናኑ ብቻ አልጮኸችም፤ ዓይኗ መምሬ ላይ ነበር።

መምሬ ቀስ ብለው ተነሡ። «ሥራው እውነት ነው» አሉ። «ግን ልጄ፣ የታወከ ሰው እውነተኛ ሥራውን ሐሰት ነው ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ይህ ብቻ አይበቃኝም።»

ዳኛው ከጀልባዋ ወጥቶ ውሃው የረጨው ልብሱ እየተንጠባጠበ ወደ ማሩ ሄደ። «አቶ ማሩ፣ ቃለ ጉባኤ ይጻፉ፤ ሰዓት የለንም! ቶሎ! ‹ዛሬ ታኅሣሥ አሥራ አንድ ቀን፣ በእግዚአብሔር ፊት፣ በካህናቱ ፊት፣ የሟች ፋንታሁን ፕሮፔለር ሰባ ሁለት ኪሎ ስቧል።› ጻፉ! ‹ጥቅምት ሃያ ቀን የተጻፈው የፈተና ወረቀት ውሃ ባልነበረበት ገንዳ የተጻፈ ሐሰት ነው።› ጻፉ እንጂ! ‹ነፍሱን እመቤታችን ማርያም ትቀበልለት ዘንድ...›»

ማሩ «ጥቅምት ሃያ»ን ሲሰማ ላብ አጠመቀው። ብዕሩ ግን አልቆመም፤ ወረቀቱ ላይ ይሮጣል። ዳኛው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ወረቀቱን ከእጁ መነጠቀውና አየው፤ ከዚያ ለመምሬ ሰጣቸው።

መምሬ አነበቡ። «‹ዛሬ ታኅሣሥ አሥራ አንድ ቀን፣ በ...› ባዶ ነው። ‹...ፊት።› ‹ነፍሱን እመቤታችን...› ይኸም ባዶ ነው።» ዓይናቸውን ወደ ማሩ አነሡ። እሳቸውም ከቁም ጸሐፊዎች ቤት የወጡ ናቸውና የሚያስረዳቸው አላስፈለገም። ድምፃቸው እንደ አስተማሪ ጠነከረ። «አንተ! የማን ተማሪ ነህ?»

«የመሪጌታ ገብረ ሚካኤል» አለ ማሩ።

አፉን ሲከድን ጊዜው አልፏል። የቄስ ትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም ያለውን ጠዋት ያልሰማ አልነበረም። ዳኛው የጠዋቱን ደብዳቤ አውጥቶ ከአዲሱ ጎን አስተካከለው፤ በዚያኛው የተሞሉት ባዶዎች፣ በዚህኛው ያልተሞሉት።

ማሩ እዚያው ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠ። «አዲስ አበባ ያሉት ወደ ውጭ ልከው የመርከብ ትምህርት ሊያስተምሩኝ ነበር» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አያስታውቅም። «አዲስ አበባ የፈተና ወረቀት ላክ አለኝ። ገንዳው ደረቅ ነበር፤ መቼም የኛ አገር ሥራ የውጩን አይበልጥም ብዬ ቁጥሩን ከራሴ ጻፍኩ። ትናንት ሰባ አንድ ሲስብ ሞቴን አየሁ። ተመልሼ ለመንኩት። ሚዛኑ ተበላሽቶ ነው በል፣ ፈተናው ይቅር፣ እንግዶቹ ይመለሱ አልኩት። ‹ሚዛኑ ምን በደለ?› ብሎ ሳቀብኝ። ገፋሁት። ማጅራቱን ጠርዙ መታው፣ ውሃ ገባ።»

«ከዚያስ?» አለ ዳኛው።

«ገመዱ እግሬ ሥር ነበር። ልጥልለት እችል ነበር።» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ቆሜ አየሁት።»

እናኑ ወደ እሱ ሄደች። ሰው ሁሉ ትመታዋለች ብሎ ጠበቀ። አጠገቡ ደርሳ አየችውና ዞረች። ወደ ሬሳው አልጋ ተመልሳ ራስጌው ቆመች። አሥር አለቃው ካቴናውን አስገባ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። ዶማ የያዙት ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ይቆፍሩ ከውስጥ ሳያውቁ መሐል መንገድ ላይ ቆመዋል። መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ልብሰ ተክህኗቸውን ከዲያቆኑ ተቀብለው ለበሱ፣ መስቀላቸውን ያዙ፣ ወደ አልጋው ተጠጉ። ለፍትሐት የሚጠራው ሰው በተጠመቀበት ስም ነውና፣ ቢያውቁትም ለዚያ የሚጠየቀውን ጥያቄ ጠየቁ።

«ልጄ፣ የክርስትና ስሙ ማነው?»

እናኑ ቀኑን ሙሉ የያዘችው እንባ ያን ጊዜ ወረደ። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አስተካክላ፣ መንገዱ ላይ ዶማ ይዞ የቆመው ሁሉ እስኪሰማት ጮኸች።

«ኃይለ ጊዮርጊስ!»